የወጣቶች የውይይት መድረኮች፡- ከተሰብሳቢ ቁጥር ባሻገር

(ዜና ትንታኔ)

በአገራችን በየቀበሌውና በየወረዳው በዓመት ውስጥ በርካታ የወጣቶች መድረኮች ይካሄዳሉ። መጠሪያቸው እንደየወቅቱ ይለያያል። አንዳንዱ የንቅናቄ፣ አንዳንዱ የምክክር፣ ሌላው ደግሞ የግንዛቤ ማስጨበጫ መድረክ ይባላል። በሩብ ዓመቱ ሪፖርት ውስጥም የተሳታፊዎች ቁጥር በፆታ ተለይቶ ይሰፍራል። ወጣቶቹ ያነሱት ጥያቄ ምን እንደነበር፣ ጥያቄው ለየትኛው አካል እንደተላለፈና ምን ምላሽ እንዳገኘ ግን በአብዛኛው በሪፖርቱ ውስጥ አይገኝም።

ይህ ክፍተት ቀላል የጽሕፈት ጉድለት ሊመስል ይችላል። ሆኖም ከ30 ዓመት በታች የሆነው ዜጋ ከአገሪቱ ሕዝብ ከግማሽ በላይ በሆነበት ሁኔታ፣ ወጣቱ ጥያቄውን አቅርቦ ምላሽ የሚያገኝበት ቅርብ ሥፍራ መኖሩ ወይም አለመኖሩ የአገርን ሰላም የሚወስን ጉዳይ ነው። ያለፉት ስድሳ ዓመታት ታሪክ እንደሚያስረዳው፣ በአዳራሽ ውስጥ ያልተሰማ ጥያቄ ተመልሶ የሚመጣው በጎዳና ላይ ነው። በጎዳና ላይ ሲመጣም ጠያቂውንም ተጠያቂውንም ከባድ ዋጋ ያስከፍላል።

የሕግና የፖሊሲ መሠረት

የወጣቶች የመሰብሰብና ሐሳብን የመግለጽ መብት በቂ የሕግ መሠረት አለው። በ1987 ዓ.ም የጸደቀው የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 29 ሐሳብን በነጻ የመግለጽ፣ በአንቀጽ 30 የመሰብሰብ፣ ሰላማዊ ሰልፍ የማድረግና አቤቱታ የማቅረብ፣ በአንቀጽ 31 ደግሞ የመደራጀት መብትን ይደነግጋል። አንቀጽ 43 ዜጎች ማኅበረሰባቸውን በሚመለከቱ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳባቸውን እንዲሰጡ የመጠየቅ መብት እንዳላቸው ያረጋግጣል። አንቀጽ 50 ንዑስ አንቀጽ 4 ደግሞ ሕዝቡ በዝቅተኛ የአስተዳደር እርከኖች በቀጥታ ይሳተፍ ዘንድ ለእነዚህ እርከኖች በቂ ሥልጣን እንዲሰጥ ያዛል። ስለሆነም የቀበሌና የወረዳ መድረክ አስተዳዳሪው በበጎ ፈቃዱ የሚያዘጋጀው ዝግጅት ሳይሆን የሕገ መንግሥት ግዴታ አፈጻጸም ተደርጎ መወሰድ ይኖርበታል።

በመጋቢት 1996 የወጣው የብሔራዊ ወጣቶች ፖሊሲ ወጣት ማለት ከ15 እስከ 29 ዓመት ዕድሜ ያለው ዜጋ መሆኑን ይገልጻል። ፖሊሲው ወጣቱ በዴሞክራሲያዊ ሥርዓት ግንባታ፣ በመልካም አስተዳደርና በልማት ውስጥ በንቃትና በተደራጀ አኳኋን እንዲሳተፍና ከውጤቱም ተጠቃሚ እንዲሆን ያልማል። ይህንኑ ወደ ተግባር ለመለወጥ በ1998 የወጣቶች ልማት ፓኬጅ ተዘጋጅቷል። በዚያው ዓመት ሰኔ 25 ቀን በጋምቢያ ባንጁል የጸደቀው የአፍሪካ ወጣቶች ቻርተር ደግሞ የወጣትነትን የዕድሜ ጣሪያ ወደ 35 ከፍ በማድረግ፣ ወጣቶች በሁሉም የኅብረተሰብ ዘርፎች የመሳተፍ መብት እንዳላቸው ደንግጓል። የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤትም በኅዳር 2008 ባሳለፈው ውሳኔ ቁጥር 2250 ወጣቶች በሰላም ግንባታ ሒደት ውስጥ ተገቢው ሥፍራ እንዲሰጣቸው አባል አገራትን ጠይቋል።

የስብሰባ አፈጻጸምን በተመለከተ በሽግግሩ ወቅት የወጣው አዋጅ ቁጥር 3/1983 ተጠቃሽ ነው። አዋጁ ሰላማዊ ሰልፍ ወይም ሕዝባዊ የፖለቲካ ስብሰባ ለማድረግ የሚፈልግ ወገን ከ48 ሰዓት በፊት በጽሑፍ እንዲያሳውቅ ይጠይቃል። ሕጉ የሚጠይቀው ማሳወቅን ነው። በተግባር ግን በበርካታ ሥፍራዎች ማሳወቅ የሚለው ቃል ፈቃድ መጠየቅ ተብሎ ሲተረጎም ቆይቷል። በዚህም ምክንያት በራሳቸው ተነሳሽነት መሰብሰብ የፈለጉ ወጣቶች ከአንዱ ጽሕፈት ቤት ወደ ሌላው ሲመላለሱ ቀኑ ያልፍባቸዋል። የሕጉን ቃልና የአሠራሩን ልማድ መለየት በዚህ ዘርፍ ለተሰማራ ማንኛውም ሠራተኛ የመጀመሪያ ተግባር ሊሆን ይገባል።

ወጣቱ በታሪክ ውስጥ

በአገራችን ሕዝብ ተሰብስቦ መምከር አዲስ ነገር አይደለም። አካባቢው ተሰብስቦ ወንጀልን የሚያጣራበት አፈርሳታ ወይም አውጫጭኝ፣ በጉራጌ የየጆካ ሸንጎ፣ እንዲሁም እድርና ማኅበር ለዘመናት የኖሩ የመሰብሰቢያና የመነጋገሪያ ሥርዓቶች ናቸው። ይሁንና በአብዛኞቹ ቅድሚያ የሚናገረው ሽማግሌ ሲሆን ወጣቱ ሰሚና ተላላኪ ሆኖ ቆይቷል። በኅዳር 2009 በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ የሰፈረው የኦሮሞ የገዳ ሥርዓት በዚህ ረገድ የተለየ ትምህርት ይሰጣል። በገዳ ሥልጣን በየስምንት ዓመቱ ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው ይተላለፋል። ወንድ ልጅም ከሕፃንነቱ ጀምሮ በየዕድሜ እርከኑ የየደረጃውን ኃላፊነት እየተማረ ያድጋል። የሥርዓቱ ተሳትፎ በአመዛኙ ለወንዶች የተከለለ ቢሆንም፣ ወጣቱ ተራው የሚደርስበትን ጊዜ አስቀድሞ ማወቁ በትዕግሥት እንዲዘጋጅ ያስችለዋል።

በዘመናዊው ፖለቲካ የወጣቱ ድምፅ ጎልቶ የተሰማው በተማሪዎች እንቅስቃሴ ነው። በየካቲት 1957 የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች "መሬት ላራሹ" የሚል መፈክር ይዘው ሰልፍ ሲወጡ፣ ጥያቄያቸውን ተቀብሎ የሚያስተናግድ መደበኛ መድረክ አልነበረም። ጥያቄው ለአሥር ዓመታት ያህል ምላሽ ሳያገኝ ቆይቶ በየካቲት 1966 ለፈነዳው አብዮት አንዱ መነሻ ሆኗል። በ1967 ወደ 60 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን በእድገት በኅብረት የእውቀትና የሥራ ዘመቻ ወደ ገጠር ተሰማሩ። ዘመቻው ወጣቱን ከሕዝብ ጋር ያገናኘ ቢሆንም ብዙዎቹ በሕዝባዊ መንግሥት ጥያቄ ከደርግ ጋር ተቃርነዋል።

በዚያው ዓመት ሐምሌ የወጣው አዋጅ ቁጥር 47/1967 ለከተማ ቀበሌ ማኅበራት መሠረት ጥሏል። ቀበሌ የመሠረተ ትምህርት ማእከል፣ የሕዝብ ሱቅና የመሰብሰቢያ ሥፍራ ሆኖ አገልግሏል። በቀይ ሽብር ዘመን ደግሞ ይኸው ቅጥር ግቢ በርካታ ወጣቶች የታሰሩበትና የተሰቃዩበት ሥፍራ ነበር። በ1972 የተመሠረተው የአብዮታዊ ኢትዮጵያ ወጣቶች ማኅበር (አኢወማ) ወጣቱን በአንድ ጥላ ሥር ቢያሰልፍም፣ መመሪያ ከላይ ወደታች የሚወርድበት እንጂ ሐሳብ ከታች ወደላይ የሚወጣበት አልነበረም። በእድሜ ጠና ያሉ ወላጆች ልጆቻቸው የቀበሌ ስብሰባ ላይ እጅ አውጥተው እንዳይናገሩ የሚመክሩት ከዚህ ትዝታ የተነሳ ነው። ዛሬ መድረክ የሚያዘጋጅ ሠራተኛ የሚጋፈጠው ዝምታ ግድ የለሽነት ተደርጎ ከመወሰዱ በፊት ይህ ታሪካዊ ሥሩ ሊጤን ይገባል።

የቅርብ ዓመታት ትምህርት

ከ2008 እስከ 2010 በኦሮሚያ፣ በአማራና በሌሎች አካባቢዎች የተካሄዱት ተቃውሞዎች ዋና ተዋናዮች ወጣቶች እንደነበሩ ይታወሳል። መንግሥት በመስከረም 2009 መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ያወጀ ሲሆን፣ ጎን ለጎንም 10 ቢሊዮን ብር የተመደበለት የወጣቶች ተዘዋዋሪ ፈንድ በአዋጅ ቁጥር 995/2009 አቋቁሟል። ፈንዱ የሥራ አጥነትን ጥያቄ ለመመለስ የታለመ ነበር። ነገር ግን ወጣቱ ያነሳው የሥራ ጥያቄን ብቻ አልነበረም። የመሬት፣ የፍትሕ፣ የእኩልነትና የመደመጥ ጥያቄዎችም አብረው ተነስተዋል። በብድር የማይመለሱት እነዚህ ጥያቄዎች ምላሽ ሳያገኙ በመቆየታቸው ተቃውሞው ቀጥሎ በ2010 የአመራር ለውጥ ተከትሏል።

ከለውጡ በኋላ የሕግ ማሻሻያዎች ተደርገዋል። ከውጭ ምንጭ ከ10 በመቶ በላይ ገቢ የሚያገኙ ድርጅቶች በሰብአዊ መብትና በዴሞክራሲ ጉዳዮች ላይ እንዳይሠሩ ያግድ የነበረው አዋጅ ቁጥር 621/2001 በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 ተተክቷል። በምርጫ አዋጅ ቁጥር 1162/2011 መሠረትም 21 ዓመት የሞላው ዜጋ በዕጩነት መቅረብ ይችላል። በታኅሣሥ 2014 በአዋጅ ቁጥር 1265/2014 የተቋቋመው የኢትዮጵያ አገራዊ ምክክር ኮሚሽንም በየወረዳው ተሳታፊዎችን ሲያስመርጥ ወጣቶችን እንደ አንድ የኅብረተሰብ ክፍል አካትቷል። ከ2013 ጀምሮ ለሁለት ዓመታት በሰሜኑ የአገራችን ክፍል የተካሄደውና በጥቅምት 2015 በፕሪቶሪያ ስምምነት የተቋጨው ጦርነት፣ በሌሎች አካባቢዎችም የተከሰቱት ግጭቶች ከሁሉም በላይ ዋጋ ያስከፈሉት ወጣቱን ነው። ጠብመንጃ ያነሳውም፣ የተፈናቀለውም፣ ትምህርቱ የተቋረጠበትም በአብዛኛው ይኸው ትውልድ መሆኑ የምክክርን አስፈላጊነት ያጎላል።

በዚህ ሁሉ መካከል ትኩረት የተነፈገው አንድ ጉዳይ አለ። የወረዳና የቀበሌ ምክር ቤቶች ምርጫ በአገር አቀፍ ደረጃ የተካሄደው በሚያዝያ 2005 ነበር። በአምስት ዓመቱ ይካሄድ ዘንድ የሚጠበቀው ቀጣይ ምርጫ በወቅቱ ሳይካሄድ ለዓመታት ተላልፏል። በ2005 ዕድሜው 17 የነበረ ወጣት በዚያ ምርጫ ድምፅ ለመስጠት አልደረሰም። ይኸው ወጣት በ2017 ዕድሜው 29 ሞልቷል። በብሔራዊ ፖሊሲው ትርጉም መሠረት የወጣትነት ዘመኑን ያጠናቀቀው የራሱን ቀበሌ ምክር ቤት አንድም ጊዜ ሳይመርጥ ነው ማለት ነው። ከአካባቢ ምርጫ ርቆ ላደገ ትውልድ የቀበሌው የውይይት መድረክ የአስተዳደሩን ፊት የሚያይበት ዋነኛ በር ይሆናል። በመሆኑም መድረኩ ለይስሙላ ከተካሄደ ለወጣቱ የሚቀርለት አማራጭ እጅግ ጠባብ ነው።

መድረኮቹ የሚሰናከሉባቸው ነጥቦች

የመጀመሪያው ችግር የሚታየው በጥሪ ላይ ነው። ተሳታፊዎች የሚጠሩት በአደረጃጀት መዝገብ በመሆኑ በየመድረኩ የሚገኙት በአብዛኛው ያው ወጣቶች ናቸው። የቀን ሠራተኛው፣ የሊስትሮው፣ በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራው ወጣት፣ ከአካል ጉዳት ጋር የሚኖረው፣ እንዲሁም ከገጠር መጥቶ መታወቂያ ያላገኘው ነዋሪ በመዝገቡ የሉም። ስብሰባው በሥራ ቀንና በሥራ ሰዓት መጠራቱም የዕለት ጉርሱን በዕለቱ የሚያገኘውን ወጣት ከመድረኩ ያርቃል። ውሎ አበል ያለው መድረክ ደግሞ ለአበሉ የሚመጣውንና ጥያቄ ይዞ የሚመጣውን ለመለየት ያስቸግራል።

ሁለተኛው የአጀንዳ ጉዳይ ነው። ርዕሰ ጉዳዩ ከላይ ተዘጋጅቶ ከመነሻ ጽሑፍ ጋር ይወርዳል። የመክፈቻ ንግግርና የጽሑፍ ገለጻ ረዥሙን ጊዜ ከወሰዱ በኋላ ለተሳታፊው የሚተርፈው የመጨረሻዋ አጭር ሰዓት ናት። በዚያችም ሰዓት ከርዕሱ የወጣ ጥያቄ ያነሳ ወጣት ከአጀንዳ ውጭ ነው ተብሎ ይቆማል። የውኃ፣ የትራንስፖርት ወይም የመሥሪያ ቦታ ችግር ያንገበገበው ተሳታፊ ስለ ሌላ ጉዳይ የተዘጋጀ ጽሑፍ አዳምጦ ሲመለስ፣ በቀጣዩ ጥሪ ላለመገኘት በቂ ምክንያት ያገኛል።

ሦስተኛው የሥጋት ጉዳይ ነው። ጠንከር ያለ ትችት የሰነዘረ ሰው በጎ አመለካከት እንደሌለው ተቆጥሮ አገልግሎት ይከለከላል፣ ወይም ለክትትል ይዳረጋል የሚል ፍርሃት በብዙዎች ዘንድ አለ። በየካቲት 2012 በምክር ቤት የጸደቀው የጥላቻ ንግግርና ሐሰተኛ መረጃን ለመከላከል የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 የሚከለክለው በሕዝቦች መካከል ጥላቻን የሚዘራ ንግግርን ነው። አስተዳደርን መንቀፍና ኃላፊን በሥራው መተቸት በዚህ ውስጥ አይካተትም። አወያዩ በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ጠንቅቆ ካላወቀ፣ በቅን ልቦና የቀረበን ሂስ እንደ ጸጥታ ችግር ሊመዘግብ ይችላል።

አራተኛውና ዋነኛው የምላሽ አለመኖር ነው። ቃለ ጉባኤው ተፈርሞ ወደ ፋይል ይገባል። ለዚህ ሁሉ ወቀሳው በቀበሌ ወይም በወረዳ ሠራተኛ ላይ ብቻ ቢወድቅ ፍትሐዊ አይሆንም። ወጣቶች የሚያነሷቸው ብዙዎቹ ጥያቄዎች፣ ለምሳሌ የመሬት አቅርቦት፣ የኤሌክትሪክ መሥመር ወይም የቅጥር ፈቃድ፣ ከወረዳው ሥልጣን በላይ ናቸው። ሠራተኛው በጀትና ሥልጣን ሳይኖረው በሕዝብ ፊት እንዲቆም ይደረጋል። ሥራው የሚመዘነውም ባሰባሰበው ሰው ብዛት በመሆኑ፣ የተሻለ ለመሥራት ቢፈልግ እንኳ የመመዘኛው ሥርዓት አያግዘውም።

የወጣቶች ጉዳይን በበላይነት የሚመራው መሥሪያ ቤት በተደጋጋሚ መዋቅሩ መለወጡም ችግሩን አባብሷል። ዘርፉ ከስፖርትና ባህል ጋር ተጣምሮ ከቆየ በኋላ ከስፖርት ጋር፣ በ2003 ከሴቶችና ሕፃናት ጋር፣ በ2008 ዳግም ከስፖርት ጋር፣ በ2011 እንደገና ከሴቶችና ሕፃናት ጋር ተዋቅሯል። በ2014 ደግሞ በሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ሚኒስቴር ሥር ተጠቃሏል። በየሽግግሩ የሠራተኛ፣ የመዝገብና የክትትል ሥራ ይቋረጣል። አምና ቃል የተገባለት ወጣት ዘንድሮ ሲጠይቅ ቃሉን የሚያስታውስ አያገኝም።

ውጤት ያመጣ ተሞክሮ

የአካባቢ መድረክ በአግባቡ ከተመራ ሥር የሰደደን ችግር ሊለውጥ እንደሚችል የከምባታ ተሞክሮ ያሳያል። በዶክተር ቦጋለች ገብሬና በእህታቸው የተመሠረተው ከምባቲ ሜንቲ ጌዚማ የተሰኘው ድርጅት ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የማኅበረሰብ ውይይት የተባለውን ዘዴ በአካባቢው አስፋፍቷል። ሴቶች፣ ወንዶች፣ ሽማግሌዎችና ወጣቶች ከመካከላቸው በተመረጡና በሠለጠኑ አወያዮች አማካይነት በየጊዜው ተገናኝተው ስለ ሴት ልጅ ግርዛት፣ ስለ ጠለፋና ስለ ኤች አይ ቪ ተወያይተዋል። ሒደቱ የአንድ ቀን ስብሰባ ሳይሆን ለወራት የቀጠለ ነበር። ያልተገረዙ ሴቶች በአደባባይ በኩራት የተዳሩበት፣ ወንዶችም ያልተገረዘች እንደሚያገቡ በይፋ ያስታወቁበት ሁኔታ ተፈጥሯል። ቀድሞ ከሞላ ጎደል ሁሉን አቀፍ የነበረው ድርጊት በአካባቢው እጅግ ቀንሷል። በጥቅምት 2012 ሕይወታቸው ያለፈው ዶክተር ቦጋለች ለዚህ ሥራ ዓለም አቀፍ ዕውቅና አግኝተዋል።

ከዚህ ተሞክሮ ሦስት ነገሮች ይቀሰማሉ። አንደኛ፣ መድረኩ ቋሚ ነበር፤ ተሳታፊው ዛሬ ያልጨረሰውን ሐሳብ በሚቀጥለው እንደሚያነሳ ያውቅ ነበር። ሁለተኛ፣ አወያዩ ከአካባቢው የተገኘ በመሆኑ አመኔታ ነበረው። ሦስተኛ፣ ውይይቱ ተሳታፊዎቹ ራሳቸው በሚፈጽሙት ውሳኔ ይቋጭ ነበር። ጉዳዩ ከፖለቲካ ጥያቄ የተለየ ቢሆንም የአሠራሩ ምሥጢር ለማንኛውም የወጣቶች መድረክ ያገለግላል።

ምን ይደረግ?

ተጨማሪ በጀት ሳያስፈልግ በየወረዳው ሊተገበሩ የሚችሉ እርምጃዎች አሉ። መድረኩ በታወቀ ቀን፣ ለምሳሌ በየወሩ የመጀመሪያ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ በቋሚነት ቢካሄድ ለጥሪ የሚወጣው ድካም ይቀንሳል፤ የቀን ሠራተኛውም የመገኘት ዕድል ያገኛል። የአጀንዳው ግማሽ ወጣቶቹ አስቀድመው በጽሑፍ ወይም በቃል ካስመዘገቧቸው ጉዳዮች ቢወሰድ፣ ገለጻውም በአጭር ጊዜ ቢገደብ፣ መድረኩ የባለቤቶቹ ይሆናል። ሴቶች ወጣቶች ለብቻቸው የሚነጋገሩበት ጊዜ ቢመቻች በወንዶች ፊት የማይነሱ ጉዳዮች ይወጣሉ። የወጣት ማእከላት፣ የትምህርት ቤት ክበባትና ሚኒ ሚዲያዎች፣ የክረምት በጎ ፈቃድ አገልግሎት ቡድኖችም ወጣቱ ሐሳቡን በጥበብና በተግባር የሚገልጽባቸው በመሆናቸው ከመድረኩ ጋር ሊተሳሰሩ ይገባል።

ከሁሉም በላይ የምላሽ ሥርዓት ሊዘረጋ ይገባል። የተነሱ ጥያቄዎች በሦስት መደብ ሊመዘገቡ ይችላሉ፤ በቀበሌ የሚመለሱ፣ በወረዳ የሚመለሱና ከወረዳ በላይ የሆኑ። ለመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ኃላፊና የጊዜ ገደብ ይቀመጥላቸዋል። ለሦስተኛው መደብ ደግሞ ጥያቄው የተላከበት የደብዳቤ ቁጥርና ቀን በቀጣዩ ስብሰባ መክፈቻ ላይ ለተሰብሳቢው ይነበባል። ምላሹ አይቻልም የሚል ከሆነም ምክንያቱ በግልጽ ሊነገር ይገባል። ወጣቱ ያልተፈጸመለትን ጥያቄ ምክንያት ሲያውቅ ይከራከራል፤ ምንም ሳይነገረው ሲቀር ግን ተስፋ ይቆርጣል።

የበላይ አካላትም የሪፖርት ቅጹን መለወጥ ይጠበቅባቸዋል። ቅጹ ከተሳታፊ ቁጥር ጎን ስንት ጥያቄ ቀረበ፣ ስንቱ ተመለሰ፣ ስንቱ ወደ በላይ ተላለፈ፣ ከበላይ ስንቱ ምላሽ አገኘ የሚሉ ዓምዶች ቢኖሩት፣ ወረዳው ብቻ ሳይሆን ዞኑና ክልሉም ተጠያቂ ይሆናሉ። መለኪያው ሲለወጥ የሥራው ጠባይ አብሮ ይለወጣል።

በመጨረሻም የቀበሌ አዳራሽ በሕዝብ ገንዘብና ጉልበት የተሠራ የሕዝብ ሀብት መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም። የመንግሥት ሠራተኛ ከፖለቲካ ወገንተኝነት ነጻ ሆኖ ሁሉንም ዜጋ በእኩል የማገልገል ግዴታ ስላለበት፣ የመንግሥትን አቋም የሚደግፈውም የሚቃወመውም ወጣት በሰላማዊ መንገድ እስከተንቀሳቀሰ ድረስ አዳራሹን በተመሳሳይ ደንብ ሊጠቀም ይገባል። በመካከላቸው የሐሳብ ልዩነት ያላቸው ወጣቶች በአንድ ጣሪያ ሥር ተቀምጠው መከራከር ከለመዱ፣ በሌላ ሥፍራ በሌላ መንገድ የሚገናኙበት ምክንያት ይቀንሳል።

አገራዊ ምክክር በአዲስ አበባ አዳራሾች ብቻ ሊጸና አይችልም። ጽኑ የሚሆነው በየቀበሌው የተነሳ ጥያቄ ተመዝግቦ፣ ተልኮና ተመልሶ ጠያቂው ዘንድ ሲደርስ ነው። ይህንን የማድረስ ኃላፊነት ከማንም በፊት የሚያርፈው ቃለ ጉባኤውን በሚይዘው፣ ደብዳቤውን በሚጽፈውና ጉዳዩን በሚከታተለው የመንግሥት ሠራተኛ ላይ ነው። በመሆኑም በየደረጃው የሚገኙ ኃላፊዎችና ሠራተኞች በቀጣይ መድረክ ከመጥራታቸው አስቀድሞ፣ ባለፈው መድረክ የቀረቡት ጥያቄዎች ከምን እንደደረሱ መርምረው ለወጣቱ ሊያሳውቁ ይገባል።